ሴቭ ባልኩ ቁጥር ፎርሙ ባዶ ይሆናል፤ ኔክስትን ትቼ ወደ ቪት ልሂድ?

ይህን ጠይቆ የውይይት ክሩን የከፈተው ደብረ ብርሃን ሆኖ የሚሠራ ልጅ ነው። ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እና ምንጣፍ ለሚሸጡ የመንዝ ሸማኔዎች የትዕዛዝ መቀበያ ድረ ገጽ እየሠራ ነው። የሚጠቀመው ኔክስት ጄኤስ 13.4ን ነው፤ ሪአክት በሚባለው ላይብረሪ ላይ የተሠራ የድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ ነው። ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም አለው። ዊንዶውስ ላይ ሆኖ ሊኑክስን በደብሊው ኤስ ኤል ያስኬዳል።

ምሬቱን ቁጭ ብሎ በዝርዝር ነው የጻፈው። የትዕዛዝ ፎርሙ አራት ደረጃ አለው፤ የገዢው ስም፣ ከተማና ቀበሌ፣ የባናው መጠንና ቀለም፣ በመጨረሻ የዋጋው ድምር። እሱ የሚያስተካክለው አራተኛውን ነው። የአንዲት በተን ቀለም ቀይሮ ሴቭ ሲያደርግ ብራውዘሩ ነጭ ይሆናል። ገጹ እንደ አዲስ ይከፈታል። ፎርሙ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመልሶ ባዶውን ይጠብቀዋል። እንደገና ስም፣ እንደገና ቀበሌ፣ እንደገና ቀለም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሴቭ ቢያደርግም ምንም ለውጥ አይመጣም፤ ሰርቨሩን ዘግቶ መክፈት አለበት። ጠዋት አንድን ገጽ መጀመሪያ ሲከፍትማ ሻይ ፈልቶ ይደርሳል ይላል።

ድምዳሜው አጭር ነበር። ፍሬምወርኩ ከባድ ነው፣ ቪት የሚባለው ሌላ የድረ ገጽ መሥሪያ ግን ፈጣን ነው ሲባል ሰምቷል፣ በዚህ ሳምንት ሁሉንም ወደዚያ ሊያዞር ነው። የሚከለክለው ካለ እንዲናገር ጠየቀ።

ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ፤ መሃል ላይም ጽፌበታለሁ። እዚህ የማሰባስበው አብዛኞቻችን የእሱን ዓይነት ማሽን ስለያዝን ነው። ሦስት የተለያዩ ችግሮችን ዝግታ በሚል አንድ ስም ጠቅልለን የወራት ሥራችንን ለማፍረስ ስንነሳ ከልቤ ያሳዝነኛል።

1ኛው መልስ ዓይኑን ሳያሽ ሂድ አለው። የራሱን ሥራ ወደ ቪት ካዞረ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አልፈለገም። ምክንያቱንም በትክክል አስቀምጧል። ቪት በልማት ጊዜ የራሳችንን ኮድ አስቀድሞ አይጠቀልልም፤ ብራውዘሩ የጠየቀውን ሞጁል (የኮድ ፋይል) ብቻ እየቀየረ ይሰጣል። ከውጭ የመጡትን ላይብረሪዎች ደግሞ አንዴ ጠቅልሎ ካሽ ያደርጋቸዋል። ኢቫን ዩ በፈረንጆች 2020 ያወጣው ይህ መሣሪያ የተወደደው በዚሁ ነው። መልሱ ስህተት የለበትም። ግን ልጁ የጠየቀውን አልነካም፤ ፎርሙ ለምን ባዶ እንደሚሆን አንድ ቃል የለውም።

2ኛው መልስ ከሁሉም የበለጠብኝ ነው። የጻፉት ሰው ሲያስተምሩ የኖሩ ይመስላሉ፤ ሌሎቹም በኋላ መምህር እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ምንም ምክር ሳይሰጡ ሦስት ነገር ለይቶ እንዲያይ ጠየቁት። አንደኛ፣ ገጹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ተርሚናሉ ላይ የሚወጣውን ሰዓትና የሞጁል ብዛት። ሁለተኛ፣ ሴቭ ካደረገ በኋላ ተርሚናሉ ለውጡን ማየቱን እስኪናገር ያለውን ጊዜ። ሦስተኛ፣ ብራውዘሩ ያደረገው የተነካችውን ክፍል መተካት ይሁን ወይስ ሙሉ ገጹን እንደገና መጫን። ሦስቱ ሦስት የተለያየ መድኃኒት አላቸው፤ አንዱን በሌላው ማከም ገንዘብና ጊዜ መጨረስ ነው ብለው ቋጩ።

3ኛው ከአዲስ አበባ ነው። 32 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ግዛና ተገላገል አለ። 4ኛዋ ከመሐል ሜዳ የምትጽፍ ልጅ ናት። ወንድሜ ብላ በትህትና ጀመረች፤ መጨረሻው ላይ ግን ቃሏ ጠንከር አለ። ልጁ የሚሠራላቸው ሸማኔዎች ለድረ ገጹ የሚከፍሉት ተጠራቅሞ የዚያን ላፕቶፕ ዋጋ አይሞላም፤ ምክር የሚሰጥ ሰው የሚመክረውን ሰው ኪስ ቢያውቅ ጥሩ ነው አለች። 3ኛው መልሶ አልጻፈም።

5ኛው የጠያቂው መመለሻ ነው። መምህር ያሉትን ሁሉ አይቶ መጣ። አምስት ምልክት (አይከን) ብቻ የሚታይበትን ገጽ ሲከፍት ተርሚናሉ በሺህ የሚቆጠር ሞጁል እንዳዘጋጀ ይናገራል። ፎርሙ ባዶ በሚሆንበት ቅጽበት ደግሞ ፋስት ሪፍሬሽ፣ ማለትም ሴቭ ሲደረግ የተነካችውን ክፍል ብቻ የሚተካው አሠራር፣ ሙሉ ገጹን ለመጫን እንደተገደደ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አለ፤ እስከዛሬ አይቶት አያውቅም ነበር። ለውጡ ጭራሽ በማይመጣባቸው ቀናት ግን ተርሚናሉ ዝም ነው የሚለው። ከዚህ በኋላ ክሩ ነፍስ ዘራ።

6ኛው የሞጁሉን ብዛት ያዘ። ልጁ ምልክቶቹን የሚያመጣው ከላይብረሪው ዋና መግቢያ ፋይል ነው። እንዲህ ያለው ፋይል የራሱ ሥራ የለውም፤ ሌሎችን ፋይሎች ሁሉ ሰብስቦ መልሶ ኤክስፖርት ያደርጋል። በታወቁ የምልክት ላይብረሪዎች ውስጥ እንዲህ የሚደረደረው እስከ 10,000 ይደርሳል። አምስት ምልክት ስትጠይቀው መሣሪያው መጀመሪያ ሁሉንም ይከፍታል፤ አንድ ቁና ገብስ ለማውጣት ጎተራውን በሙሉ እንደ መገልበጥ ነው። መፍትሔው እያንዳንዱን ምልክት ከራሱ ፋይል ማምጣት ነው።

7ኛው እርማት ነበር። በእጅ ማስተካከል ግድ አይደለም አለ። ኔክስት 13.5 በፈረንጆች መስከረም 2023 ሲወጣ ኦፕቲማይዝ ፓኬጅ ኢምፖርትስ የሚባል ማስተካከያ ይዞ መጣ። የላይብረሪውን ስም እዚያ ካስገባህ የምትጠቀምበት ብቻ ይጫናል። በብዛት የሚታወቁትማ ስማቸውን ሳትጽፍም ተካተዋል። ጠያቂው ያለው 13.4 ላይ ነው፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነው የተቸገረው። 6ኛው እርማቱን በጸጋ ተቀበለ። አንድ ነገር ግን ጨመረ፤ የራሳችንን ኮምፖነንቶች (ገጹ የሚገነባባቸውን ክፍሎች) ሁሉ በአንድ ፋይል ሰብስበን ኤክስፖርት የማድረግ ልማዳችን ያንኑ ጣጣ ያመጣል፤ ቪት ላይ ብትሄድም ይከተልሃል። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ነኝ።

8ኛው ስለ ዝምተኛው ተርሚናል አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። ፕሮጀክቱ ያለው የት ነው፣ ኤዲተሩንስ ከየት ትከፍተዋለህ? የልጁ መልስ ሁሉን ነገር ገለጠው። ፎልደሩ የዊንዶውሱ ሲ ድራይቭ ላይ ነው። ቪኤስ ኮድን አንዳንዴ ከሊኑክሱ ጋር አገናኝቶ ይከፍታል፤ ሲቸኩል ደግሞ ፎልደሩን በዊንዶውስ በኩል ነክቶ ይከፍታል። ለውጡ የማይመጣው በሁለተኛው ነው። ሊኑክስ ፋይል መቀየሩን የሚያውቀው አይኖቲፋይ በሚባለው መንገድ ነው። ደብሊው ኤስ ኤል 2 ላይ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሲ ድራይቭ ላይ የለወጠው ፋይል ማሳወቂያው ወደ ሊኑክሱ አይሻገርም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ፋይል ሲነበብ ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ስለሚመላለስ ሁሉም ነገር ይጎተታል። ፎልደሩን ወደ ሊኑክሱ የራስህ ሆም አዛውረው፣ ኤዲተሩንም ሁሌ ከዚያው ክፈተው አለው። ፋይሉን በየጊዜው እየሄደ እንዲያይ ማስገደድም ይቻላል፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩን ስለሚበላ በእንዲህ ዓይነት ማሽን አይመከርም።

ንጹሕ ሊኑክስ የምትጠቀሙም አታመልጡም ብሎ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ሄደ። በቆዩት የሊኑክስ ከርነሎች አንድ ተጠቃሚ በአይኖቲፋይ ሊከታተል የሚችለው የፋይልና የፎልደር ብዛት 8192 ነው። ትልቅ ፕሮጀክት ይህን በቀላሉ ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው ወደ 524288 ከፍ ያደርገዋል።

9ኛው የእኔ ነው። የጻፍኩት ስለ ፎርሙ ነው፤ ልጁን በየቀኑ የሚያደማው እሱ ነውና። ፋስት ሪፍሬሽ መጀመሪያ በ2019 ከስልክ አፕ መሥሪያው ከሪአክት ኔቲቭ ጋር መጣ፤ ኔክስት ውስጥ ደግሞ በ2020 ከ9.4 ጀምሮ ገባ። ደንቡ ግልጽ ነው። የነካኸው ፋይል ኤክስፖርት የሚያደርገው የሪአክት ኮምፖነንት ብቻ ከሆነ ያችው ትተካለች፤ ስቴቱ፣ ማለትም በገጹ ላይ የተሞላው መረጃ፣ ባለበት ይቆያል። ኮምፖነንት ያልሆነ ነገር ካለበት ፋይሉም እሱን የሚያመጡትም እንደገና ይሮጣሉ። ያንን ፋይል ከሪአክት ዛፍ (ከተያያዙት ኮምፖነንቶች) ውጭ ያለ ሌላ ፋይልም የሚያመጣው ከሆነ ግን መሣሪያው አማራጭ የለውም፤ ሙሉ ገጹን ይጭናል። ስለዚህ ልጁን የአራተኛውን ደረጃ ፋይል ራስጌና ግርጌ እንዲያሳየን ጠየቅኩት።

አሳየን። ከኮምፖነንቱ በላይ የባናው የዋጋ ሠንጠረዥ ተጽፏል፤ በመጠንና በቀለም የተዘረዘረ። እዚያው ኤክስፖርት ተደርጓል። ሪአክት የማይነካካው አንድ የሒሳብ ፋይል ይህንኑ ሠንጠረዥ ከፎርሙ ፋይል ያመጣዋል። ችግሩ ይኸው ነው። ሠንጠረዡን ለብቻው ፋይል ውስጥ አውጣው፤ ፎርሙም የሒሳቡም ፋይል ከዚያ ይውሰዱ አልኩት።

10ኛው በእኔ መልስ ላይ የጎደለውን ሞላ፤ አመሰግነዋለሁ። ኮምፖነንቱ በክላስ ከተጻፈ ስቴቱ አይጠበቅም። ስም ሳይሰጠው በቀጥታ ኤክስፖርት የተደረገም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ለሁሉም ኮምፖነንት ስም መስጠት። የፋይሉ ስም በትልቅ ፊደል ተጽፎ ኢምፖርቱ ላይ በትንሽ ከሆነም ሪፍሬሹ ሊሰናከል ይችላል። ደግሞም ዩዝ ኢፌክት በሚባለው የሪአክት ተግባር ውስጥ ያለው ኮድ በፋስት ሪፍሬሽ ጊዜ ሁልጊዜ እንደገና ይሮጣል፤ የጥገኞቹ ዝርዝር ባዶ ቢሆንም። ፎርሙን ባዶ የሚያደርግ መስመር እዚያ ካስቀመጥክ በእጅህ ነው የምታጠፋው አለው።

11ኛዋ የመሐል ሜዳዋ ልጅ ናት፤ ጉዳዩን ከሌላ በኩል አየችው። ገንቢው ላይ የሚደርሰው ነገር ነገ ገዢው ላይ ይደርሳል አለች። በስልኩ ፎርሙን ሲሞላ ገጹ በድንገት እንደገና የተጫነበት ሰው አራቱን ደረጃ እንደገና አይሞላም፤ ትቶ ይሄዳል። የተሞላውን በየደረጃው በብራውዘሩ ጊዜያዊ ማስቀመጫ፣ በሴሽን ስቶሬጅ፣ አስቀምጥ፤ ገጹ ሲጫን ከዚያ ይነሣ። ለልማቱም ለገዢውም ይጠቅማል።

12ኛው በዚህ ተቆጣ። ይህ በሽታውን ትቶ ትኩሳቱን ማብረድ ነው አለ። ስቴቱን ከስቶሬጅ እያነሣህ ከሄድክ ሙሉ ገጹ እየተጫነ መሆኑን እንኳ ሳታውቅ ትኖራለህ፤ ማሽኑ በየሴቩ ያንን ሁሉ ሥራ ይሠራል። አጻጻፉ ትንሽ ያስቀይማል። ልጅቷ ግን ዝም አላለችም። 13ኛው የእሷ ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች አይጣሉም፣ መጀመሪያ ሠንጠረዡ ይውጣ፣ ከዚያ የተሞላው ረቂቅ በስቶሬጅ ይቀመጥ አለችው። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው። እኔ ብሆን ደግሞ የስልክ ቁጥርና አድራሻ የሚቀመጥበትን ረቂቅ ትዕዛዙ እንደተላከ ወዲያው እንዲጠፋ አደርጋለሁ።

ከዚያ ነገሩ ወደ ጠብ ሄደ። 14ኛው የኔክስት አዲሱ ኮድ ጠቅላይ ተርቦፓክ ሲተዋወቅ በፈረንጆች ጥቅምት 2022 ከቀድሞው ጠቅላይ ከዌብፓክ 700 እጥፍ፣ ከቪት 10 እጥፍ ይፈጥናል መባሉን አነሣ፤ የቪት ነገር እዚያው ያበቃለት ነው አለ። 15ኛው ተነሣበት። ያ ማነጻጸሪያ ሲወጣ ኢቫን ዩ ራሱ ቁጥሮቹን መርምሮ ተቃውሟል። ኮዱን ለመቀየር አንዱ ወገን በሩስት ቋንቋ በተጻፈው ፈጣኑ ኤስደብሊውሲ ሲሠራ ሌላው በባቤል ነበር፤ የሚሊሰከንዱ ቁጥር የተጠጋጋበት መንገድም ልዩነቱን አስፍቶታል። ኋላም የማነጻጸሪያው አቀራረብ ተስተካክሏል። ሳያነቡ የማስታወቂያ ቁጥር ማስተጋባት ሰው ያሳስታል ብሎ ጠንከር ባለ ቃል ዘጋ። 16ኛው ያው 14ኛውን የጻፈው ልጅ ነው። የመለሰው በስድብ ስለነበር እዚህ አልደግመውም።

እኔ በዚህ ላይ ያለኝ አቋም የማያሻማ ነው። እነዚያ ቁጥሮች የተለኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፖነንቶች ባሉት ፕሮጀክትና በጠንካራ ማሽን ነው። የባና መሸጫ ፎርም እነሱ ውስጥ የለም። ተርቦፓክ ለልማት ሰርቨር የተረጋጋ ነው የተባለው በ2024 ከኔክስት 15 ጋር ነው፤ በ2025 ኔክስት 16 ላይ ደግሞ ነባሪው ሆኗል። ጥሩ ነገር ነው፤ ልጁም እዚያ ቢደርስ ይጠቀማል። ነገር ግን የዋጋ ሠንጠረዡን ከፎርሙ ፋይል የሚያወጣለት ተርቦፓክ የለም።

17ኛው መምህር ናቸው። ስድቡን በአንድ መስመር አስቆሙት፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

18ኛው ከሸዋ ሮቢት ነው፤ ጨዋታውን ትንሽ አወጣው። የደብረ ብርሃን ሰው ከ2,800 ሜትር በላይ በብርድ ተቀምጦ ስለ ዝግታ ሲያማርር ይገርመኛል አለ። ቆላ ላይ በቀትር ላፕቶፑ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያው ገጽ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የተለያየ ጊዜ ይወስድበታል። ከባድ ሥራውን ወደ ማለዳ አዙሯል። ከ19 እስከ 21 ያሉት መልሶች በዚሁ ነጎዱ፤ ስለ ሙቀት፣ ስለ ማራገቢያ፣ ስለ ታርማበር ጉም ሳይቀር። ከመካከላቸው የጠቀመው አንዱ ነው። መብራት ሲጠፋ ዊንዶውስ ወደ ባትሪ ቁጠባ ከገባ ፕሮሰሰሩም ይቀንሳል፤ ዛሬ ኔክስት ከበደ ብሎ ከመደምደም በፊት ቻርጀሩ መሰካቱን ማየት።

22ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን፤ ከ9ኛው ቀጥሎ ቁም ነገር ያለው ይህ ይመስለኛል። ሰርቨር ኮምፖነንት (በብራውዘሩ ሳይሆን በሰርቨሩ የሚሮጥ ክፍል) ባለበት ገጽ ላይ ሴቭ ባደረግክ ቁጥር ያ ኮምፖነንት እንደገና ይሮጣል አለ። የባናውን ዝርዝር ውጭ አገር ካለ ሰርቨር የሚያመጣ ከሆነ፣ የበተን ቀለም በቀየርክ ቁጥር ያው ዝርዝር በስልክ ዳታህ ተመልሶ ይወርዳል። ጊዜውም ሒሳቡም ያንተ ነው። ኔክስት 15 በፌች የመጡትን መልሶች በሴቭና በሴቭ መካከል ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ በታች ያለ ሰው ግን ጥቂት ናሙና ዕቃ በጄሰን ፋይል አስቀምጦ በልማት ጊዜ ከዚያ ቢያነብ ይሻለዋል። አንዷ ከሥሩ የአማርኛ ፎንቱም እንዲሁ ነው ብላ ጨመረች። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከጉግል እንዲያወርድ ከማድረግ ፋይሉን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስቀምጦ በሎካል መጫን፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ገጹ በሌላ ፎንት አይታይም።

24ኛው የጠያቂው ነው። ፎልደሩን አዛውሯል። ሠንጠረዡን ለብቻው አውጥቷል። ወደ 13.5 ከፍ ብሏል። አሁን አራተኛው ደረጃ ላይ ሆኖ የበተኑን ቀለም ሲቀይር ቀለሙ ብቻ ይቀየራል፤ ከላይ ያለው ስምና ቀበሌ ባለበት ይቆያል። የጠዋቱ አከፋፈት ግን ከበፊቱ ቢሻልም አሁንም ይዘገያል። ሁሉንም አመሰገነ፤ መምህርን ለብቻቸው። ወደ 15 መሄዱን ይህን ሥራ ለሸማኔዎቹ ካስረከበ በኋላ ያየዋል። ቪትን ግን ትቶታል።

1ኛው ተመልሶ መጣ፤ ቅር ብሎታል። 25ኛ መልሱ ላይ ገጹ የሰርቨር ሥራ ከሌለው መጀመሪያውንም ቪት ይበቃው ነበር አለ። ለአዲስ ሥራ ከሆነ ልክ ነው፤ ለፎርምና ለዝርዝር ብቻ ኔክስት ብዙ ነው። የተጋመሰ ሥራን ማዞር ግን ሌላ ሒሳብ ነው፤ የገጾቹ አደረጃጀት፣ የምስሎቹ አያያዝ፣ የሰርቨሩ ክፍል፣ ሁሉም እንደገና ይጻፋል። በዚያ ላይ ቪትም ገጹን በሙሉ የሚጭንበት ጊዜ አለው። እየሠራህ ሳለ ቀድሞ ያላየው ላይብረሪ ሲያገኝ ጠቅልሎት ገጹን እንደገና ይጭናል፤ ይህን ለማስቀረት ስሙን አስቀድሞ በማስተካከያው ፋይል ማስገባት ይቻላል። ይህን 26ኛ አድርጌ ጻፍኩለት፤ በበጎ ተቀበለው።

መጨረሻ ላይ የሸዋ ሮቢቱ ልጅ የራሱን ጥያቄ አመጣ። የእሱ ማሽን ገና በሃርድ ዲስክ ነው የሚሠራው፤ ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራም ይጨምር ወይስ ኤስኤስዲ ይግዛ? ሁለት ሰዎች ኤስኤስዲ አሉት። መምህር ግን ገጹን እያስከፈተ ታስክ ማኔጀርን እንዲመለከት ነገሩት፤ ሚሞሪው ሞልቶ ከሆነ ራም፣ ሚሞሪ ተርፎ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተሰቀለ ኤስኤስዲ። አይቶ ተመለሰ። ዲስኩ ተሰቅሏል፣ ሚሞሪው ይተርፋል። ደብረ ብርሃን ሲመጣ ኤስኤስዲውን የት እንደሚያገኝ ጠየቀ፤ የክሩ ባለቤት በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አብረን እንገዛለን፣ ዊንዶውሱንም እኔ አዛውርልሃለሁ አለው።